የጾመው ቆጣሪ

ማክሰኞ መጋቢት 16፣ ጠዋት 2፡20

ሦስተኛ ስኒ የቢሮ ቡና። ቡና ነው ይሉታል። ሪፖርት ያላደረጉ ቆጣሪዎች ዝርዝር እንደ ወትሮው ረጅም ነው፤ ጆ/በርግ ዳር ያለው የኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ግማሹ ሌሊቱን ድምፁን አጥፍቶ አድሯል። ግሬግ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። አለቃዬ ነው። አምስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ስክሪኔን ሲያነብ አላየሁትም። ቀለም ነው የሚያየው። ቀይ ሲበዛ ይተነፍሳል፣ አረንጓዴ ሲበዛ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል።

ዛሬ ትከሻዬ ተመታ። ደንቤ እየሠራ ነው።

ላስረዳህ፣ ደብተር፤ አንተም ከእሱ የተሻለ አይገባህም። ስማርት ቆጣሪ የተበላውን መብራት በየግማሽ ሰዓቱ ይልክልናል። የሚሰርቅ ሰው ሽቦውን በቆጣሪው ጎን ያሳልፈዋል፤ ቆጣሪው ምንም አያይም፤ ፍጆታው ባንዴ ይወድቃል። የእኔ ደንብ ይኼን ይፈልጋል። የንግድ ቤት ሆኖ፣ ፍጆታው ከግማሽ በታች ወድቆ ሠላሳ ቀን ካልተነሣ፣ ተጠርጣሪ ነው። ቴክኒሻን ሄዶ ያያል። እኔ አጸድቃለሁ። ሌላ ቡድን ሄዶ ቆጣሪውን ነቅሎ ይመጣል። አበቃ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ በሁለት ቀን ከሰዓት ጻፍኩት። ግሬግ ውብ ነው አለ። ያልገባው ነገር ሁሉ ለእሱ ውብ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ደንበኛችን ለሆነው የመብራት መ/ቤት ይቀርባል፤ አቅራቢዋ እኔ። ከወደዱት የትንተና ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ግሬግ ደግሞ ወደ ላይኛው ፎቅ። አረፋ መቼም ወደ ላይ ነው።

ሐሙስ መጋቢት 18፣ ከሰዓት 10፡00

ቀኔ በከንቱ አለቀ። ግሬግ በግድ ወደ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ላከኝ። የንግግሬ ርዕስ፦ በስማርት ቆጣሪ ዘርፍ ያለ የሙያ ዕድል። ምስሎቹን ያዘጋጀው የማስታወቂያ ክፍሉ ነው። ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ወደ ሰማይ እያዩ ይስቃሉ። ሄልሜት አድርጌ አላውቅም። ቆጣሪ እያየሁም ስቄ አላውቅም።

የተጻፈልኝን አነበብኩ። ቆጣሪ ገጣሚ ቴክኒሻን መሆን ይቻላል፣ የመገናኛ መስመር ባለሙያ መሆን ይቻላል፣ የመረጃ ተንታኝ መሆን ይቻላል። እውነቱን ብነግራቸው አዳራሹ ባዶ ይቀር ነበር። እውነቱ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰው መጠርጠር። ለዚህ ነው ማስተርስ የሚያስፈልገው።

ጥያቄ አለ ወይ ሲባል አንዱ ኩባንያው መኪና ይሰጣል ወይ አለ። የልቡን የጠየቀ እሱ ብቻ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሥታ፣ ፍጆታ ሲቀንስ ሰውየው ለምን እንደ ቀነሰ በምን ታውቃላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። ምክንያት የሚያጣራው ሌላ ክፍል ነው፣ የእኛ ሥራ ቁጥሩ ነው አልኳት። ተጨበጨበልኝ። ልጅቷ አላጨበጨበችም። ትምህርቱ ይከብዳታል መሰለኝ።

ማክሰኞ መጋቢት 23፣ ቀን 7፡00

አዲሱ ዝርዝር መጣ። አርባ ምናምን የንግድ ቤት። ሌራቶ ዞራ አይታቸዋለች። ሌራቶ የመስክ ቴክኒሻናችን ናት፤ እጇ ወርቅ፣ አፏ ግን ልጓም የለውም። አንድ ቆጣሪ አይታ ስትመለስ የአስተያየት ዓምዱን ድርሳን ታደርገዋለች። የባለቤቱ ጉልበት እንደሚያመው። ግቢው ውስጥ ያለው ውሻ ስሙ ማን እንደሆነ። ውሻ! ለውሻ ስም የሚሆን ቦታ እኔ ሲስተም ላይ አላዘጋጀሁም።

ድሮ አነበው ነበር። ከጥር ወዲህ ዓምዱን ደብቄዋለሁ። አንድ ጠቅታ ነው፤ ስክሪኑ ንጹሕ ሆነ፣ ሕይወቴም። አሁን የማየው የቆጣሪ ቁጥር፣ የወደቀበት መጠን፣ የቀን ብዛት ብቻ።

ሁሉንም አጸደቅኩ። አንድ የዶሮ ሳንድዊች በልቼ ሳልጨርስ አለቀ።

ሐሙስ ሚያዝያ 2፣ ቀን 7፡30

ጆ/በርግ ያለ ሐበሻ አምፖል ሲቃጠልበት የሚደውለው ለእኔ ነው። የመብራት መሐንዲስ ማለት ለእነሱ መሰላል ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ዛሬ የደወሉት ደግሞ ጋሽ ንጉሤ።

ጋሽ ንጉሤ ኮዝሞ ሲቲ ሥጋ ቤት አላቸው። እዚህ አገር ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። ሂልብሮው በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ እሳቸውና ነፍሷን ይማርና ባለቤታቸው መጋረጃ ጋርደው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ሰባት ወር። ማስተርሴን የጀመርኩት እዚያ መጋረጃ ሥር ነው። ከዚያ እኔ ወደ ሰሜኑ ሰፈር ወጣሁ፣ እሳቸው ወደ ኮዝሞ ሲቲ። በዓመት አንዴ፣ በዓል ሲሆን እደውላለሁ። አንዳንዴ እሱንም እረሳለሁ።

ትናንት ሰዎች መጥተው ቆጣሪያቸውን ነቅለው ሄዱ። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፈዋል፤ መብራት ሰርቀዋል ይላል። የሰፈሩ ሰው እየቆመ ያነበዋል። ለፋሲካ ከብት አዘዋል፣ ሥጋው በበዓሉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ንጋት ከቄራ ይመጣል። የማቀዝቀዣ ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እስከሚቀጥለው ሐሙስ መብራት ካልመጣ ሥጋው መግቢያ የለውም።

መልሴን ልጻፈው፣ ምክንያቱም አሁን ስሰማው አልጣመኝም። ሽቦውን ነክተውታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደማውቅ ሰው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእኔ ቢነግሩኝ ይሻላል እንደማለት። "ፍሬ፣ አንቺ እንኳ?" አሉኝ። ደህና ዋይ ብለው ዘጉት።

ሌባ ሁሉ አልሰረቅኩም ነው የሚለው። ይኼን ሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ነገ የፍጆታቸውን መስመር ከፍቼ አየዋለሁ።

ዓርብ ሚያዝያ 3፣ ጠዋት 3፡15

አየሁት።

የካቲት 16፣ እሑድ። መስመሩ ተራራ ነው። ቅበላ፤ ሰው ጾም ሳይገባ ሥጋ ሊበላ የሚጋፋበት ቀን። ማታ ላይ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ከወለሉ ጋር ይለጠፋል። አንድ አምፖል፣ ምናልባት ሬዲዮ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሁዳዴ ነው። ሥጋ ቤቱ ለጾሙ ተዘግቷል። ለሐበሻ ክርስቲያን የሚሸጥ ሥጋ ቤት ሁሉ በሁዳዴ ይዘጋል፤ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፣ ይታጠባል፣ በሩ ተከፍቶ ይናፈሳል። ይኼን ለማወቅ የካህን ልጅ መሆን አያስፈልግም። ቆጣሪ አይቶ የማያውቅ ሰው ይኼን መስመር ያነበዋል። እኔ ግን ማስተርስ አለኝ።

ያለፈውን ዓመት ከፈትኩ። ያው ተራራ፣ ያው ወለል፣ ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ያው ተራራ። የካቲት ላይ ደንቡን ስጽፍ ካለፈው ዓመት ጋር ላወዳድር አስቤ ነበር። አንድ ሳምንት ሊጨምርብኝ ሆነ። ግሬግ ቸኩሎ ነበር፣ እኔ ከግሬግ ብሼ ቸኩዬ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፈሰስኩ፤ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ የደበቅኩትን ዓምድ ከፈትኩ። የሌራቶ አስተያየት፦ ሥጋ ቤት። ዝግ ነው። ባለቤቱ ግድግዳ ሲቀቡ አገኘኋቸው። በሃይማኖታቸው እስከ ፋሲካ ሥጋ አይበሉም አይሸጡም። ሽቦውን አይቻለሁ፣ ማኅተሙ አልተነካም። እባካችሁ አትቁረጡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቢሮ ውስጥ ያለችውን ኢትዮጵያዊት ጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሌሎቹንም አየሁ። ሦስት ሌላ ሥጋ ቤት። የሦስቱም መስመር ያው፣ ቀኑም ያው። የአንዱ ባለቤት ስም ገ/ሚካኤል ነው። በስሙ እንኳ አልነቃሁም፤ ስም የሚያሳየውን ዓምድ ከሌላው ጋር አብሬ ደብቄዋለሁ።

እኔ ሁዳዴን ከጾምኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የሚጾሙትን እንደ ኋላ ቀር እቆጥራቸዋለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። መጾም ያለመጾም የራሴ ጉዳይ ነው። ግን ሌሎች እንደሚጾሙ መርሳት? ሰው እንዴት ያን ያህል ይደድባል?

ሰኞ ሚያዝያ 6፣ ቀን 6፡00

ከግሬግ ጋር አርባ ደቂቃ። ከአርባው ሠላሳው ስለ ዓርቡ ብራይ ነው፤ ፍም ላይ የሚጠብሰው ቋሊማ ከየትኛው እርሻ እንደሚመጣ ሰማሁ። ከዚያ ነገርኩት። ስንት ናቸው አለኝ። አራት። ከስንት? ከአርባ ምናምን። ፊቱ በራ። ጥሩ ውጤት ነው አለ። ለእሱ አራት ሰው ማለት ምግብ ላይ የወደቀ ፀጉር ነው፤ አንሥቶ ይጥላል፣ መብላቱን ይቀጥላል።

ይግባኝ ይጻፉ አለ። ይግባኝ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ በዓሉ ደግሞ እሑድ ነው አልኩት። ለእሱም በዓል መሆኑ ትዝ አለው፤ አዎ፣ ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው አለ። ደንቡን ከሥራ ላይ ልሳበው ስለው ፊቱ ጠፋ። ደንቡ ከተሳበ ደንቡ ያወጣቸው የመቁረጫ ትዕዛዞች በሙሉ ይሰረዛሉ፣ ለደንበኛው ማስታወቂያ በራሱ ይሄዳል፣ ያኔ የምናቀርበው ነገር የለም። አንቺም የለሽም፣ አላለም። እንዲገባኝ ግን ትቶልኛል።

ከዚያ የደግነት ሰዓቱ ደረሰ። መሳቢያውን ከፍቶ የአንድ ቆጣሪ መልሶ ማገናኛ ትዕዛዝ ፈረመልኝ። ለአጎትሽ ነው አለ። ሐበሻ ሁሉ አጎቴ ነው። ሌሎቹ በይግባኝ ይምጡ፣ ደንቡም እንዳለ ይቆይ። በጸጥታ እንጨርሰው።

ናቅኩት። ወረቀቱን ግን ተቀበልኩ። አመሰገንኩትም።

ማክሰኞ ሚያዝያ 7፣ ከሰዓት 9፡40

ከሌራቶ ጋር በባኪዋ፣ እዚህ አገር ባኪ በሚሉት ፒክአፕ መኪናዋ፣ ኮዝሞ ሲቲ ሄድን። ጋሽ ንጉሤ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ቢላ ይስላሉ። ቀዩ ወረቀት ከኋላቸው። አላነሡትም፤ ያልለጠፍኩትን አላነሣም ይላሉ። ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል፣ የሥጋ መስቀያዎቹ ባዶ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ሌራቶን ገና ሲያዩ በዙሉ ቋንቋ ሳውቦና ብለው ሰላምታ ሰጥተው እጇን ያዙ፤ ስለ እናቷ ጉልበት ጠየቋት። እኔን ከሩቅ ሰላም አሉኝ።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ስለ ሲስተሙ ውስብስብነት። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ንጉሤ። ያጸደቅኩትም እኔ ነኝ።"

ቢላውን መሳል አላቆሙም። "ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ጠፍቶሽ ነው?"

"አልጠፋኝም። አላሰብኩትም።"

ይቅርታ ጠይቄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ ቢሮ ከማነበው በተሻለ አነበቡት። ከዚያ የሌሎቹ የት አለ አሉኝ። የእርስዎ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ አልኩ። እንደ ውለታ ነው ያልኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

"እስቲ አስቢው፣ ልጄ። የሦስቱ ቤት ጨልሞ የእኔ ብቻ ቢበራ፣ ሰው ምን ይላል? እነሱ ሌቦች፣ እኔ ጉቦ ሰጪ። ቅዳሜ ሌሊት ቤ/ክ አንድ ላይ ነው የምንቆመው፤ በየት በኩል አያቸዋለሁ?" ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ከሆነ ለአራታችን ይሁን። ካልሆነ ሥጋውን ቄራ አስቀረዋለሁ።"

ተናደድኩ፤ አልዋሽህም። ትዕቢት ነው አልኩ በልቤ። ሰው የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ! እኔስ ትናንት ተቀብዬ የለም? ያናደደኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስንመለስ፣ ማልቦሮ መንገድ ደርሰን ስንታጠፍ፣ ሌራቶ አስተያየቴን ለምን አላነበብሽውም አለችኝ። ዓምዱን ደብቄው ነበር አልኳት። ለምን? የውሻ ስም ስለምትጽፊ። በስሙ ከተጠራ አይነክስም፣ ቀጥሎ የሚሄደው ሠራተኛ እንዳይነከስ ነው የምጽፈው አለችኝ። ባለፈው ዓመት አንዱ እግሩን ስድስት ቦታ ተሰፍቷል። አላውቅም ነበር። ቢሮ ውስጥ ውሻ የለም።

ረቡዕ ሚያዝያ 8፣ ቀን 8፡00

ምሳ አልበላሁም። ከጾም አትቁጠረው።

የደንቡ ባለቤት እኔ ነኝ። ባለቤት የሆነ ሰው ደንቡን ራሱ መሳብ ይችላል፤ የግሬግ ፊርማ አያስፈልገውም። ይኼን መብት ሲስተሙ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ግሬግ ሥራዬን እንዳይነካብኝ ብዬ።

ያን የኃላፊነት ወንበር እፈልገዋለሁ። ሳላፍር ልጻፈው። ሁለት ጊዜ አልፎኛል። ሁለት ጊዜ ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ፣ እኔ ያስተማርኳቸው ሰዎች ተቀመጡበት። አንዱ እስካሁን አማካይ እንዴት እንደሚወሰድ ይጠይቀኛል። ደንቡን ከሳብኩ ደንበኛው ፊት የምቀርበው በስሕተቴ ነው፣ ያውም ብቀርብ። ግሬግ በጀርባዬ ለመቆም ጀርባ ያለው ሰው አይደለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ከፋሲካ በኋላ ብስበውስ? ይግባኙ ያስተካክለዋል፣ ማንም አይሞትም። ይኼን ከጠዋት ጀምሮ ለራሴ እየነገርኩት ነው። ግን ቀይ ወረቀቱ በሩ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው እያነበበው ነው። አራት ሰው ሃምሳ ቀን ጾመው ሌባ ተብለው ፋሲካን ሊውሉ ነው፣ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ልቀመጥ። ጋሽ ንጉሤ አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ ስድብ እችላለሁ፣ መልስም አላጣም።

ግሬግ በሩን አንኳኩቶ አለፈ። አጎትሽ መብራት አገኘ ወይ አለ። አላገኘም አልኩት። ሼም ብሎ ሄደ፤ እዚህ አገር ያሳዝናል ማለት ነው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔስ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ? እሱን ስንቅ አምስት ዓመት ኖርኩ፤ ለካ አብረን ነው የምንሠራው።

ለሌራቶ ደወልኩላት። አራቱ ቆጣሪዎች መጋዘን አሉ፤ ነገ ጠዋት ትዕዛዝ ከደረሳት አራቱንም በአንድ ቀን ትጨርሳለች። ሁለቱ ኮዝሞ ሲቲ፣ ሁለቱ ከተማ ውስጥ። ትዕዛዙ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቀችኝም። ጠዋት 3 ሰዓት ታች እጠብቅሻለሁ አለች።

ሐሙስ ሚያዝያ 9፣ ጠዋት 2፡45

ቢሮው ገና አልሞላም። ደንብ የሚሳብበትን ቅጽ ከፈትኩ። ምክንያት ይምረጡ ይላል። የመረጃ መቋረጥ። የቆጣሪ ብልሽት። የሰዓት መዛባት። ሁሉም የዕቃ ጥፋት ነው፣ የሰው የሚል የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል?

ሌላ የሚለውን መረጥኩ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ለአንተ በአማርኛ፦

አራቱ ሥጋ ቤቶች አልሰረቁም። ጾም ላይ ናቸው። ቴክኒሻኗ አይታ ጽፋለች፤ አላነበብኩም። በጾሙ ሥጋ ቤት እንደሚዘጋ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ላክሁት።

3፡05

የመቁረጫ ትዕዛዞቹ ተሰርዘዋል፤ የመልሶ ማገናኛው ለሌራቶ ደርሷታል። ስክሪኔ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ለደንበኛው ማስታወቂያው ሄዷል፣ ስሜም አብሮ። ፈርቻለሁ፣ በጣም። ግሬግ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ እየደወለ ነው፣ ሁለተኛው ነው። አላነሣም፤ ቢሮ ሲደርስ ወንበሬን ያነጋግር። ሌራቶ ከታች ባኪዋን አስነሥታለች። አራቱ ቆጣሪዎች ከኋላ ናቸው። እሷ ቆጣሪውን ትገጥማለች፣ እኔ ቀይ ወረቀቱን አነሣለሁ። አራት በር ነው። ሦስቱ ሰዎች መልኬን አያውቁም። እያንዳንዱ በር ላይ መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ።